ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ በጠባሳቸው የታወቁት ስደተኛ ሐኪም

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ በፈረሰኛ ትሞላለች። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ከየወረዳው ይመጣሉ፤ ሜዳው በጉግስና በሽምጥ ግልቢያ ይናወጣል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በዐድዋ ዘመቻ የተሰለፉትን አባቶችና አብረዋቸው የወደቁትን ፈረሶች ያስታውሳል። እኛ በአዊ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎችም በዓሉን የምናከብረው በራሳችን መንገድ ነው፤ ከፈረስ የወደቀ ሰው ቢመጣ ብለን ጥጡንና ጄሶውን አዘጋጅተን በተረኝነት እንጠብቃለን።

የዐድዋ ዜና ግን ከዚህ ሜዳ እጅግ ርቆ የተሰማ ዜና ነው። በወቅቱ የእንግሊዝ ግዛት በነበረችው በበርማ፣ ዶክተር ቻርልስ ማርቲን የሚባሉ አንድ ሐኪም በመንግሥት አገልግሎት ላይ ነበሩ። የኢትዮጵያን ስም ያውቃሉ፤ ቋንቋዋን አያውቁም። እዚያ መወለዳቸውን ያውቃሉ፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም አያውቁም። የጦርነቱ ወሬና የድሉ ዜና ሲደርሳቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ለመሄድ ቆረጡ። እኚህ ሰው በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተብለው የታወቁት፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው።

በሙያችን ዘንድ «ማን ሄደ? ማን ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ከየሆስፒታሉ የሻይ ቤት ጨዋታ ጠፍቶ አያውቅም። የሄደው እንደ ከዳ፣ የቀረው እንደ ሞኝ የሚታይበት ጊዜም አለ። የሙያው በር ከፋች ራሳቸው ስደተኛ እንደ ነበሩ፣ ወደ አገራቸው የተመለሱትም በአንድ ቀን ውሳኔ እንዳልነበረ ማስታወስ ለዚህ ክርክር ይጠቅም ይሆናል በሚል እምነት ሕይወታቸውን በአጭሩ ለመቃኘት እሞክራለሁ።

ከመቅደላ እስከ ላሆር

ወርቅነህ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. አካባቢ በጎንደር ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ሲያሳልፉ፣ ሕፃኑ ገና ከሦስት ዓመት ብዙ ያላለፈ ነበር። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለያይቶ በእንግሊዝ መኰንኖች እጅ ገባ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ መኰንን ጦሩ ሲመለስ ወደ ህንድ ይዘውት ሄዱ።

ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ እርሱ ብቻ አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ በሕመም ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ልዑሉን ዓለም ያውቀዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ማን እንደ ነበሩ የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ። ወርቅነህን ግን በዚያን ጊዜ የሚያውቀው አልነበረም። የሁለቱ ሕፃናት ዕጣ ሲነጻጸር፣ ስሙ የታወቀው ሳይመለስ፣ ስሙ የጠፋው መመለሱ የሚያስገርም ነው።

ኮሎኔል ቻምበርሌን ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ። ማርቲን የሚባሉ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ሸፈኑለት፤ ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም ከእነዚህ ሰዎች የመጣ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ። እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ፤ በኋላም በስኮትላንድ ተጨማሪ የሕክምና ትምህርት ተከታትሎ በበርማ በሐኪምነት ተቀጠረ።

ይህ ወጣት በባዕድ አገር ሕክምና በሚማርባቸውና በሚሠራባቸው በእነዚያ ዓመታት የትውልድ አገሩ በ«ክፉ ቀን» ውስጥ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ባለው ጊዜ የከብት እልቂት፣ ድርቅና አንበጣ ያስከተሉት ረሃብ፣ ከፈንጣጣ፣ ከተስቦና ከኮሌራ ጋር ተደርቦ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በአገሪቱ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ አንድም የአገር ተወላጅ አልነበረም። የነበረው አንድ ሐኪም በርማ ነበር፤ ሐኪሙ መኖሩን አገሪቱ አታውቅም፤ አገሪቱ እንደምትፈልገው ሐኪሙም አያውቅም።

የጠባሳው ምስክርነት

ዶክተር ማርቲን ከዐድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ፈቃድ ወስደው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ከተማ ነበረች፤ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጡ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የጀመሩት ሕክምና ካልሆነ በስተቀር የረባ የዘመናዊ ሕክምና አገልግሎት አልነበረም። ዶክተር ማርቲን ሕመምተኞችን ማከም ጀመሩ። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጥቷል የሚለው ወሬም በከተማው ተዛመተ።

ወሬውን ከሰሙት መካከል አንዲት አሮጊት ነበሩ። በመቅደላ የጠፋው ልጅ የልጅ ልጃቸው ሊሆን እንደሚችል ጠርጥረው ወደ ሐኪሙ ዘንድ መጡ። ሕፃኑ በክንዱና በእግሩ ላይ ጠባሳ እንደ ነበረው ያስታውሱ ነበርና ጠባሳውን አይተው ለዩት። ከ30 ዓመታት በላይ ስሙን የማያውቅ ሰው ወርቅነህ የሚባል መሆኑን ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ይህን ታሪክ የሚያነብ የጤና ባለሙያ ሁሉ አንድ ነገር ልብ ሳይል አያልፍም። እኛ በየዕለቱ ጠባሳ እናያለን። በካርዱ ላይ «አሮጌ ጠባሳ» ብለን ጽፈን እናልፋለን፤ ለእኛ ጠባሳ የዳነ ቁስል ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም አንሰጠውም። ለአያቲቱ ግን ጠባሳው የመታወቂያ ወረቀት ነበር። በዚያ ዘመን የልደት ምስክር ወረቀት የለም፤ ፎቶግራፍም የለም። ልጁን ለማወቅ ያስቻለው አንዲት ሴት የሕፃኑን ገላ በዐይነ ኅሊናዋ ከ30 ዓመት በላይ ጠብቃ መኖሯ ነው። ሐኪሙ የመጡት በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ቤተሰብ ያገኙት ግን የሚያስታውሳቸው ሰው ስለ ቆየላቸው ነው።

ሃያ ዓመት የፈጀ መመለስ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ተረት ይሆን ነበር። እውነተኛው ሕይወት ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሐኪም ወርቅነህ አማርኛን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ያለ ሥራቸውም አልተቋረጠም፤ ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1908 ዐፄ ምኒልክ በታመሙበት ወቅት በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱንም ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1913 ዳግመኛ ወደ በርማ ሄዱ። ጡረታ ወጥተው ለዘለቄታው አገራቸው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው።

ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ መጨረሻው መመለስ ሃያ ዓመት ያህል አለፈ። በእነዚያ ዓመታት የባዕድ መንግሥት ደሞዝተኛ ነበሩ፤ ሁለት ስም ነበራቸው፤ ልባቸው አንድ ቦታ፣ መተዳደሪያቸው ሌላ ቦታ ነበር። ዛሬ በውጭ አገር ያለ የሙያ ባልደረባችን በየክረምቱ ለአንድ ወር መጥቶ ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ፣ «ለጉብኝት ነው እንጂ አልተመለሰም» ስንል እንሰማለን። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት የሚያስተምረን መመለስ የአንድ ቀን ድርጊት አለመሆኑን ነው። መጥቶ መሄድ፣ ሄዶ መምጣት፣ ቋንቋ መማር፣ ዘመድ ማወቅ፣ ቤት መሥራት፤ ይህ ሁሉ የመመለስ ክፍል ነው።

ቤቱን በተመለከተ፣ ሐኪም ወርቅነህ ከኢትዮጵያዊቷ ከወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ጋር ትዳር መሥርተው ብዙ ልጆች አፍርተዋል። ያለ አባትና እናት ያደገ ሰው የራሱን ቤተሰብ ሲመሠርት የሚሰማውን መገመት አያዳግትም። በሁለት የባዕድ ኮሎኔሎች ስም ያደገው ልጅ፣ ልጆቹን በዙሪያው ሰብስቦ የሚያስተምር አባት ሆነ። ልጆቻቸው የውጭ ትምህርት እንዲያገኙ ላኩ፤ ይሁን እንጂ የላኩት እንዲመለሱ ነው።

ከመድኃኒት ቤት ውጭ

ሐኪም ወርቅነህ ለዘለቄታው ከገቡ በኋላ የሠሩት ሥራ ከሕክምና ክፍል ግድግዳ ያለፈ ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል። የኢትዮጵያውያንና የውጭ ዜጎች ክርክር በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል። የአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከባርነት ነፃ የወጡ ሕፃናት ትምህርት እንዲያገኙ ደክመዋል። ይህ የመጨረሻው ሥራቸው ከልጅነታቸው ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ ከወላጅ ተነጥቆ በሌላ ሰው ስም መጠራት ምን እንደ ሆነ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ በአዲስ አበባ አልነበረምና።

እኛ በአዊ የምንኖር ሰዎች በተለይ ልናስታውሰው የሚገባ አንድ ጉዳይም አለ። በዚያን ዘመን እንግሊዞች የጣና ሐይቅ ውኃ ለሱዳንና ለግብፅ መስኖ የሚጠቅምበትን መንገድ ይሹ ነበር። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነው መቀመጫቸውን በዳንግላ አደረጉ፤ ከዚያ እየተነሡ ጣናንና ዐባይን እየተዘዋወሩ አጠኑ፤ የጥናታቸውንም ውጤት እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳተሙ። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ ግድቡን ራሱ በሚመርጠው ኩባንያ ለማሠራት ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1927 ለዚህ ጉዳይ ወደ አሜሪካ የተላኩት ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅን አገኙ፤ በኒውዮርክ ሃርለምን ጎብኝተው ባለሙያ የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ።

ከዳንግላና ከፋግታ ተራሮች ወርዶ በግልገል ዐባይ በኩል ጣና የሚገባው ውኃ ጉዳይ በአንድ ሐኪም ቦርሳ ተይዞ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር ማለት ነው። ግድቡ በዚያን ጊዜ ሳይሠራ ቀረ። ነገር ግን ለድርድሩ ከተመረጡበት ምክንያት አንዱ ስደታቸው መሆኑ ግልጽ ነው፤ የእንግሊዝን ቋንቋና ጠባይ እንደ እርሳቸው የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ማግኘት በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። በልጅነታቸው የነጠቃቸው መንግሥት ያስተማራቸውን ቋንቋ፣ ያንኑ መንግሥት ለመመከት ተጠቀሙበት።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ ነበረች። በዚያም መንገድ በማሠራትና አስተዳደሩን በማሻሻል አውራጃው ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን ጥረዋል።

ብንያምና ዮሴፍ

እ.ኤ.አ. በ1935 የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ዕድሜያቸው 70 ሞልቶ ነበር። ስለ መርዝ ጋዙና በቀይ መስቀል ሆስፒታሎች ላይ ስለ ወረደው ቦምብ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሰሙ፤ ለአገራቸውም እርዳታ ለመኑ።

ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረዋል። አባታቸው የላኩት እንዲመለሱ ነበርና ተመለሱ። ጦርነቱ ሲመጣም የጥቁር አንበሳ ጦርን ተቀላቀሉ። ይህ ድርጅት የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖች የተሰባሰቡበት ሲሆን፣ መሪው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በእንግሊዝ አገር የሠለጠኑ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ጦሩ ቀደም ሲል የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከራስ እምሩ ጋር በደቡብ ምዕራብ ሲዋጋ ቆይቶ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከቦ እጁን ሰጠ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱት ጭፍጨፋ የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ እየታደኑ ከተገደሉት መካከል የተማሩ ወጣቶች ቀዳሚዎች ነበሩ። ብንያምና ዮሴፍ በዚያው ሰሞን ተገደሉ።

አባታቸው በለንደን ነበሩ። በልጅነታቸው ጦርነት ከወላጆቻቸው ለያቸው፤ በሽምግልናቸው ጦርነት ከልጆቻቸው ለያቸው። ለልጆቻቸው የሰጡት ትልቁ ስጦታ ትምህርት ነበር፤ ገዳዮቹ ያደኑትም የተማረውን ነው። «ባልመለሳቸው ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ በአባት ልብ አልገባም ለማለት አልደፍርም። ከዚያ በኋላ የሠሩትን ግን እናውቃለን። ስደት ላይ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ መናገራቸውን ቀጠሉ። በአገልግሎታቸው መካከል ችግርና ማጣት ደርሶባቸዋል። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 ተመልሰው ገቡ፤ ይህ የመጨረሻ መመለሳቸው ነበር። በመስከረም መጨረሻ 1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ።

ለረጅም ዓመታት የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። የታሪክ ምሁሩ ፒተር ጋረትሰን በዚህ ማስታወሻ ላይ ተመሥርተው የሕይወት ታሪካቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። ለእኛ ለሐኪሞች ይህም ትምህርት ነው፤ ማስታወሻው ባይኖር ኖሮ ከሕይወታቸው ብዙው አብሯቸው በተቀበረ ነበር።

የእኛ ድርሻ

ሐኪም ወርቅነህ ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በተወለዱባት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ የተመረቁ የጤና ባለሙያዎች በአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ተሰማርተዋል። በጎንደር ተወልዶ ሐኪም ለመሆን ህንድ መወሰድ የነበረበት ልጅ ዘመን በዚህ አለፈ። ዛሬ ግን ጉዞው በተቃራኒው ነው፤ እዚሁ ተምሮ እዚያ የሚሠራው በዝቷል። ምክንያቱንም ሁላችን እናውቀዋለንና እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ማንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም፤ እኔም ሻንጣዬን በሐሳቤ ብዙ ጊዜ ሸክፌያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ባልደረባዬ ወደ ውጭ ሄደ። ከሄደ ወራት በኋላ ከአንድ የገጠር ቀበሌ የመጡ እናት ልጃቸውን ለሌላ ሕመም አምጥተው ተመላላሽ ክፍል ገቡ። ልጁን ስመረምር በክንዱ ላይ ረዘም ያለ፣ በጥንቃቄ የተሰፋ ቁስል ጠባሳ አየሁ። እናትየው ዐይኔን ተከትለው፣ «ይህን የሰፋው ልጅ ደኅና ነው? አልመጣም?» ብለው ጠየቁኝ። ስሙን አያውቁትም። የት እንደ ሄደም አያውቁም። የሚያውቁት በልጃቸው ክንድ ላይ የተወውን ሥራ ብቻ ነው።

«ደኅና ነው፤ ይመጣል» አልኋቸው። ይመጣል ያልሁት በእርግጠኝነት አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ግን ደውዬ ጥያቄያቸውን ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም የልጁን ስም ጠየቀኝ፤ ክንዱ በደንብ ይታጠፍ እንደሆነም ጠየቀኝ።

የሐኪም ወርቅነህ አያት ያደረጉት ትልቅ ነገር ይህን ያህል ነው፤ የሄደውን አለመርሳት። መንግሥት የሚሠራውን መንግሥት ይሥራ፤ ደሞዙና የሥራ ሁኔታው መስተካከል አለበት። በእኛ እጅ ያለው ግን ቀላል ነው። በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ያገለገሉ፣ የሞቱም የሄዱም ባልደረቦቻችን እነማን እንደ ነበሩና ምን እንደ ሠሩ እንጻፍ፤ የሄዱትንም እንደውልላቸው፤ ለአንድ ወርም ቢሆን ሲመጡ «አልተመለስክም» ሳንል ጋዋን እንስጣቸው። በእንጅባራ ሜዳ አባቶች የፈረሶችን ውለታ እንኳ ሳይረሱ በየዓመቱ ያስታውሳሉ። እኛ የሐኪሞቻችንን ስም መያዝ አያቅተንም።